የማይታየውን ሕዋስ በስሌት ማወቅ፦ የግንደ ሕዋስ ምርምርና የኮምፒውተር የጋራ ታሪክ

ግንደ ሕዋስ፣ በብዙዎች አጠራር ስቴም ሴል፣ ሁለት ችሎታዎችን አጣምሮ የያዘ ሕዋስ ነው፤ በአንድ በኩል ተከፋፍሎ ራሱን የመሰለ ሌላ ግንደ ሕዋስ ይተካል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ደም፣ ወደ ነርቭ፣ ወደ ቆዳ ወይም የተለየ ሥራ ወዳለው ሌላ ሕዋስ ይለወጣል። ከሌሎች ሕዋሳት የሚለየው መልኩ ሳይሆን ወደፊት የሚሆነው ነገር በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ በማይክሮስኮፕ ተመልክተው ሊለዩት አልቻሉም፤ መኖሩን ያረጋገጡትም ዘሮቹን በመቁጠርና ከቁጥሩ ተነሥተው ወደ ኋላ በማስላት ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ በግንደ ሕዋስ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ የያዘው ቦታ ድንገት የተገኘ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስሌታዊ ሥነ ሕይወት፣ ማለትም የሕያዋንን አሠራር በሒሳብና በኮምፒውተር የሚመረምረው የጥናት ዘርፍ፣ ለግንደ ሕዋስ ምርምር አብሮ አደጉ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የዘለቀው የጋራ ታሪካቸው የሚያሳየው፣ ስሌት በየዘመኑ የምርጫውን ስፋት እያጠበበ ሲያቀርብ፣ የመጨረሻውን ፍርድ ግን ሁልጊዜ ሕያው ሕዋስ ራሱ ሲሰጥ መኖሩን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቶሮንቶ የተቆጠሩት እብጠቶች

በ1950ዎቹ መጨረሻ የኑክሌር ጨረር በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሐኪሞችንም መንግሥታትንም ያሳስብ ነበር። ብርቱ ጨረር ደም የሚመረትበትን የአጥንት መቅኔ እንደሚያወድም፣ በጨረር የተጎዳ እንስሳም ጤናማ መቅኔ ቢሰጠው ሊድን እንደሚችል ቢታወቅም፣ በመቅኔው ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ሕዋሳት መካከል ይህን የማዳን ሥራ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ አልተለየም ነበር። በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ በሚገኘው የኦንታሪዮ የካንሰር ኢንስቲትዩት ይህን ጥያቄ በጋራ የያዙት ሐኪሙ ኧርነስት ማካላክና ከፊዚክስ ወደ ሥነ ሕይወት የመጡት ጀምስ ቲል ነበሩ። ሁለቱ ተመራማሪዎች አይጦችን ለሞት በሚያበቃ መጠን ለጨረር ካጋለጡ በኋላ፣ ቁጥሩ በውል የታወቀ የመቅኔ ሕዋስ በደም ሥራቸው ሰጧቸው፤ ከአሥር ቀናት ገደማ በኋላ የአይጦቹ ጣፊያ ሲመረመር በላዩ ላይ ጎልተው የወጡ ትናንሽ እብጠቶች ተገኙ። እብጠቶቹ ተቆጥረው ከተሰጠው የሕዋስ መጠን ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሕዋሱ በእጥፍ ሲጨምር እብጠቱም በእጥፍ እንደሚጨምርና በአማካይ ከ10,000 ገደማ የመቅኔ ሕዋሳት አንድ እብጠት እንደሚገኝ ታየ። እብጠት ለመፍጠር ሁለት ወይም ሦስት ሕዋሳት መገናኘት ቢያስፈልጋቸው ኖሮ ቁጥሩ በዚህ መልክ አይሄድም ነበርና፣ ይህ ቀጥተኛ ተዛምዶ እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሕዋስ ብቻ የመነጨ እንደሆነ አመለከተ።

ውጤቱ በ1961 ታተመ፤ በ1963 ደግሞ በዚያው ቡድን ውስጥ የነበሩት አንድሩ ቤከር በጨረር ምክንያት በክሮሞሶሞች ላይ የሚቀሩ ልዩ ጠባሳዎችን እንደ ምልክት በመጠቀም፣ በአንድ እብጠት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት በእርግጥም የአንድ ሕዋስ ዘሮች መሆናቸውን ለማሳየት በቁ። ይሁን እንጂ ሌላ እንቆቅልሽ ተከተለ። ከየእብጠቱ ወጥተው ለሌሎች አይጦች የተሰጡት ሕዋሳት አዲስ እብጠት የመፍጠር ኃይላቸው እጅግ የተራራቀ ሆነ፤ አንዱ እብጠት በርካታ ግንደ ሕዋሳት ሲኖሩት በአጠገቡ ያለው አንድም ላይኖረው ይችል ነበር። ቲል፣ ማካላክና ሉዊስ ሲሚኖቪች በ1964 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ልዩነት የሰጡት ማብራሪያ፣ እያንዳንዱ ግንደ ሕዋስ ራሱን ይተካ ወይም ወደ ሌላ ሕዋስ ይለወጥ እንደሆነ የሚወሰነው በዕድል ነው የሚል ነበር። ሐሳባቸውን ለመፈተን ሞንቴ ካርሎ የተባለውን፣ በዘፈቀደ በሚወጡ ቁጥሮች እየታገዘ ሊሆን የሚችለውን ደጋግሞ የሚሞክር የስሌት ዘዴ ተጠቀሙ፤ በስሌቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ምናባዊ ሕዋስ በየትውልዱ ዕጣ እየወጣለት እብጠቱ እስኪሞላ ድረስ ዘሩ ተቆጠረ፣ ከዚህ የተገኘው ስርጭትም በእውነተኛዎቹ ጣፊያዎች ላይ ከታየው ጋር የሚቀራረብ ሆነ። በሕዋስ ውስጥ ይካሄዳል ተብሎ የተገመተን ነገር በስሌት አስመስሎ ሠርቶ ከቤተ ሙከራ ውጤት ጋር ማስተያየት በዚህ ዘርፍ ሥር የሰደደው በዚህ መንገድ ነው። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ፣ በ1996፣ በአሜሪካ ሲያትል የሚሠሩት ጃኒስ አብኮዊትዝና ባልደረቦቻቸው በድመቶች ደም ላይ የተከታተሉትን ለውጥ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ሲያስረዱ፣ የተነሡት ከዚሁ የዕድል ሐሳብ ነበር።

ሸለቆዎችና መረቦች

በቶሮንቶ የተገኘው መልስ ሕዋሳት ምን ያህል ጊዜ እንደሚለወጡ ቢናገርም፣ አንድ ሕዋስ አንድ ጊዜ ጉበት ወይም ቆዳ ከሆነ በኋላ በዚያው ጸንቶ የሚኖርበትን ምክንያት አይነካም ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ዋዲንግተን በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ያልበሰለን ሕዋስ ከተራራ ጫፍ ላይ እንደሚለቀቅ ኳስ አድርገው ሥለውት ነበር፤ ኳሱ ወደ ታች እየተንከባለለ ሲሄድ ሸለቆዎቹ እየተከፈሉ ይቀበሉታል፣ ወደ አንዱ ከገባ በኋላም ወደ ሌላው መሻገር እጅግ ይከብደዋል። ይህ ሥዕል የተመራማሪዎችን አእምሮ ቢይዝም ሸለቆዎቹን የሚቆፍራቸው ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሒሳብ አልነበረውም።

ሒሳቡን ለማቅረብ ከደፈሩት መካከል አሜሪካዊው ስቱዋርት ካውፍማን ይገኙበታል። ካውፍማን በ1969 ባሳተሙት ጥናት እያንዳንዱን ጂን እንደሚበራና እንደሚጠፋ መብራት ቆጥረው፣ የእያንዳንዱ መብራት ሁኔታ በሌሎች ጥቂት መብራቶች እንዲወሰን ካደረጉ በኋላ፣ በዘፈቀደ የተሳሰሩትን እነዚህን መረቦች በኮምፒውተር እንዲሠሩ ለቀቋቸው። መረቦቹ ማለቂያ በሌለው ትርምስ ውስጥ ይዋኛሉ ተብሎ ሊገመት ሲችል፣ እያንዳንዱ ጂን ከሁለት ብቻ ትእዛዝ በሚቀበልበት ጊዜ በጥቂት ተደጋጋሚ ሁኔታዎች ውስጥ ገብተው ረጉ፤ ካውፍማንም እያንዳንዱ የተረጋጋ ሁኔታ ምናልባት አንድን የሕዋስ ዓይነት ይወክል ይሆናል የሚል መላ ምት አቀረቡ። የዋዲንግተን ሸለቆ በዚህ አተረጓጎም የጂኖች መረብ የሚያርፍበት ሁኔታ ማለት ሆነ። ሐሳቡ በሕያው ሕዋስ ላይ ለመፈተን የሺዎችን ጂኖች እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ እስኪፈጠር መጠበቅ ነበረበት። በ2005 በቦስተን የሠሩት ሱኢ ሁዋንግና ባልደረቦቻቸው አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ሕዋሳትን በሁለት የተለያዩ ኬሚካሎች ወደ ነጭ የደም ሕዋስነት ሲለውጡ፣ የሁለቱ ወገኖች ጂኖች በመጀመሪያ በተለያየ አቅጣጫ ተጉዘው ኋላ ላይ ወደ አንድ ማረፊያ መድረሳቸውን ለኩ፤ ይህም ማረፊያዎቹ ለስሌት ምቾት ሲባል የተፈጠሩ ብቻ እንዳልሆኑ የሚያመለክት ብርቱ ማስረጃ ሆነ።

ሃያ አራቱ ዕጩዎች

ማረፊያ ካለ ከማረፊያው ተነሥቶ ወደ ተራራው ጫፍ መመለስ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አይቀርም። ጆን ገርደን በ1962 ባሳተሙት ሥራ፣ ከእንቁራሪት እጭ አንጀት የተወሰደ የሕዋስ አስኳል በእንቁላል ውስጥ ቢገባ አዲስ እንስሳ ሊያስገኝ እንደሚችል አሳይተው ስለነበር፣ የለውጡ በር ለዘለዓለም የተዘጋ እንዳልሆነ ይታወቅ ነበር። በ1981 ከአይጥ ፅንስ፣ በ1998 ደግሞ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ጀምስ ቶምሰን በመሩት ሥራ ከሰው ፅንስ ግንደ ሕዋሳት ተለይተው በቤተ ሙከራ እንዲራቡ ተደረገ፤ የሰው ፅንስን መጠቀም ያስነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄም አዋቂ ሕዋስን ወደ ኋላ የሚመልስ ሌላ መንገድ መፈለግን አስቸኳይ አደረገው።

መንገዱን ያገኙት ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ሲሆኑ፣ የፍለጋቸው መነሻ የኮምፒውተር መረጃ ቋት ነበር። በጃፓን የሪከን የምርምር ተቋምና ሌሎች ማዕከላት በየሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የሚሠሩ ጂኖችን ቁርጥራጭ ቅጂዎች አንብበው ለሁሉም ክፍት በሆኑ ቋቶች አከማችተው ስለነበር፣ ያማናካ በናራ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በነበሩበት ጊዜ ቡድናቸው እያንዳንዱ ጂን በፅንስ ግንደ ሕዋስ ውስጥ ስንት ጊዜ፣ በሌሎች ሕብረ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተመዘገበ በኮምፒውተር አነጻጸረ። በግንደ ሕዋስ ውስጥ በዝተው ሌላ ቦታ ከማይታዩት መካከል በ2003 ይፋ የሆነው ናኖግ የተባለው ጂን ይገኝበታል። ከዚህ ፍለጋና ከሌሎች ተመራማሪዎች ግኝት ተውጣጥተው በመጨረሻ 24 ዕጩ ጂኖች ተመረጡ።

ቀጣዩ ሥራ በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ከካዙቶሺ ታካሃሺ ጋር የተካሄደ ሲሆን፣ ዘዴው ግልጽና ብልህ ነበር። የአይጥ የቆዳ ሕዋሳት የተለየ የግንደ ሕዋስ ጂን ሲነቃባቸው ብቻ መርዛማ መድኃኒትን እንዲቋቋሙ ተደርገው ተዘጋጁ፤ ስለዚህ ከመርዙ የሚተርፍ ሕዋስ ቢኖር ወደ ኋላ መመለስ የጀመረው እርሱ ነው ማለት ነበር። ዕጩዎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ አንድም የሕዋስ ስብስብ አልተረፈም፤ ሃያ አራቱም በአንድነት ሲገቡ ግን ግንደ ሕዋስ የሚመስሉ ስብስቦች በቀሉ። ከ24 ጂኖች አራት አራቱን እየመረጡ ለመሞከር 10,626 የተለያዩ ጥምረቶችን ማዘጋጀት ስለሚጠይቅ፣ ተመራማሪዎቹ በተቃራኒው ከሃያ አራቱ አንድ አንድ ጂን እየቀነሱ የትኛው ሲጎድል ስብስቡ እንደሚጠፋ ተከታተሉ። በዚህ መንገድ ዕጩዎቹ ወደ 10፣ ከዚያም ኦክት3/4፣ ሶክስ2፣ ሲ-ሚክ እና ኬኤልኤፍ4 ወደተባሉት አራት ጂኖች ወረዱ። ግኝቱ በ2006 ለአይጥ፣ በ2007 ለሰው ሕዋስ ታተመ፤ እንዲህ ወደ ኋላ የተመለሱት ሕዋሳትም አይፒኤስ ሕዋሳት ተባሉ፣ ያማናካም በ2012 ከገርደን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተጋሩ። የፅንስ ግንደ ሕዋስ ጂኖችን የማነጻጸሩ ሥራ በኮምፒውተር ባይሠራ ኖሮ ዕጩዎቹን ለመለየት ምን ያህል ዘመን ይፈጅ እንደነበር መገመት ያዳግታል፤ ከዕጩዎቹ አራቱን የለየው ግን የሕዋሳቱ መትረፍና መሞት ነበር።

ስሌት እንደ መንገድ መሪ

የያማናካ ስኬት ሌላ ምኞት ቀሰቀሰ፤ ይኸውም ሕዋስን ወደ ጫፍ ሳይመልሱ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው በቀጥታ ማሻገር ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሌሎች ጂኖችን የማንቃትና የማስቆም ሥልጣን ያላቸው፣ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ አዛዥ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ሰው ከነዚህ ወደ 1,600 ገደማ አሉት፤ ከነርሱ አራት አራቱን የመምረጫው መንገድ ከ270 ቢሊዮን በላይ በመሆኑ በእጅ ሞክሮ መጨረስ የማይታሰብ ነው። በ2016 ኦወን ራክሃም፣ ጁሊያን ጎፍ፣ ሆሴ ፖሎና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ሞግሪፋይ የተባለው ስልት፣ ከሪከን በተገኘ ሰፊ የጂን እንቅስቃሴ መረጃ ላይ ተመሥርቶ አንዱን የሰው ሕዋስ ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚያስፈልጉትን አዛዥ ፕሮቲኖች በስሌት የሚተነብይ ነው፤ ቡድኑ ከዚያ በፊት ያልተሞከሩ ሁለት ለውጦችን በቤተ ሙከራ አረጋግጦ ማሳየት ችሏል።

ስሌት መንገድ ከማመልከቱ ጎን ለጎን የተሠራውን ሥራ መመዘኛም ሆነ። በ2014 በፓትሪክ ካሃን፣ በጆርጅ ዴሊና በጀምስ ኮሊንስ ቡድን የቀረበው ሴልኔት የእያንዳንዱን ሕብረ ሕዋስ የጂን መረብ ከብዙ መረጃ አቀናብሮ፣ በቤተ ሙከራ የተሠራ ሕዋስ እውነተኛውን ምን ያህል እንደሚመስል ይመዝናል። የዚህ ምዘና ፍሬ በአንድ ምሳሌ ጎልቶ ይታያል። ከአይጥ የቆዳ ሥር ሕዋስ ተለውጠው የጉበት ሕዋስ ሆነዋል ተብለው የታመነባቸው ሕዋሳት በሴልኔት ሲመዘኑ፣ ማንም ያልጠበቀው የአንጀት ጠባይ ተገኘባቸው፤ ሕዋሳቱ በአይጥ ትልቁ አንጀት ላይ ሲተከሉም ተቀባይነት አግኝተው በዚያ ጸኑ። የሰው ዓይን ያለፈውን ስሌት አየው፣ ስሌት ያየውን ደግሞ ሕያው አካል መሰከረለት።

በዚሁ ዘመን ሌላ የመሣሪያ ለውጥ መጣ። ቀደም ሲል የጂን እንቅስቃሴ የሚለካው ብዙ ሕዋሳትን በአንድነት ፈጭቶ አማካዩን በመውሰድ ስለነበር፣ ጥቂቶቹ ግንደ ሕዋሳት በብዙኃኑ ውስጥ ይዋጡ ነበር። በ2009 በካምብሪጅ በአዚም ሱራኒ ቤተ ሙከራ የአንድን ሕዋስ አርኤንኤ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉትን ጂኖች የሚያሳየውን ቅጂ፣ ለብቻው ማንበብ ከተቻለ በኋላ መረጃው ከአንድ ሕዋስ ወደ ሺዎች፣ ቀጥሎም ወደ ሚሊዮኖች አደገ። ችግሩ ንባቡ ሕዋሱን የሚያጠፋ በመሆኑ ያንኑ ሕዋስ ከትናንት እስከ ነገ መከታተል አለመቻሉ ነው። በ2019 ጄፍሪ ሺቢንገርና ባልደረቦቻቸው ወደ ግንደ ሕዋስነት የሚመለሱ የአይጥ ሕዋሳትን በ18 ቀናት ውስጥ በግማሽ በግማሽ ቀን ልዩነት ናሙና እየወሰዱ ከ315,000 በላይ ሕዋሳት ካነበቡ በኋላ፣ የአንዱ ጊዜ ሕዋስ በቀጣዩ ጊዜ የትኛውን ሳይሆን እንዳልቀረ ለማስላት የተጠቀሙበት ሒሳብ ሥሩ ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ በ1781 አፈርን ከተቆፈረበት ወደሚሞላበት ቦታ በአነስተኛ ድካም ስለማጓጓዝ ካቀረቡት ጥናት ይመዘዛል። የአፈር ማጓጓዣው ሒሳብ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ለዋዲንግተን ተራራ ካርታ መሥሪያ ሆነ፤ ቡድኑም ስልቱን በዋዲንግተን ስም ጠራው።

ማየትን የተማረው ማሽን

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጠባብ ትርጉሙ፣ ማለትም ሕጉ ሳይነገረው ከብዙ ምሳሌዎች ራሱ የሚማር ሥርዓት፣ ወደ ዘርፉ በስፋት የገባው ጥልቅ ትምህርት በሚባለውና በተደራረቡ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረቦች በሚሠራው ስልት አማካይነት ነው። በ2017 በጀርመንና በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የደም ግንደ ሕዋሳት ሳይቀቡ በማይክሮስኮፕ ለቀናት ሲቀረጹ፣ በዚህ ቀረጻ የሠለጠነ መረብ አንድ ሕዋስ ወደየትኛው የደም ወገን እንደሚሄድ የተለመዱት የሞለኪውል ምልክቶች ከመታየታቸው እስከ ሦስት ትውልድ ቀድሞ መተንበይ ቻለ። ለብዙ ዘመን መልኩ ምንም አይናገርም የተባለው ሕዋስ፣ ቅርጹና እንቅስቃሴው የነገውን የሚጠቁሙ ፍንጮች እንደነበሩት በዚህ ታወቀ።

የስሌት ሚና ከምርምር አልፎ ወደ ሕሙማን ደኅንነት መድረሱን የሚያሳየው የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ታሪክ ነው። በመስከረም 2014 የዓይን ሐኪሟ ማሳዮ ታካሃሺ የመሩት ቡድን፣ ከሕመምተኛዋ ከራሷ ቆዳ ከተገኙ አይፒኤስ ሕዋሳት የተሠራ የሬቲና ቀለማዊ ሽፋን በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከለ። ለሁለተኛው ሕመምተኛ የተዘጋጁት ሕዋሳት ግን ሙሉ ዘረመላቸው ተነብቦ በመነሻው የቆዳ ሕዋስ ውስጥ ያልነበሩ ለውጦች ስለተገኙባቸው ተከላው እንዲቆም ተደረገ። ከቢሊዮኖች የዘረመል ፊደላት መካከል ጥቂት ለውጦችን አበጥሮ ማውጣት ያለ ኮምፒውተር የሚሆን አይደለም፤ ሆኖም ማቆም የሚገባ መሆኑን የወሰነው የሐኪሞቹ ኅሊና ነው።

ይህንኑ የዓይን ሕዋስ የማሳደግ ሥራ ልምድ ባለው ሠራተኛ እጅ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚጨመርበት ቀን፣ መጠኑ፣ ሕዋሳቱ ከሳሕን የሚላቀቁበት ኃይል ሁሉ ውጤቱን ይለውጠዋል። በ2022 የሪከን ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ማሆሎ የተባለ ሁለት ክንድ ያለው ሮቦት ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አጣምረው ያደረጉት ሙከራ ታተመ፤ ሊኖሩ ከሚችሉት 200 ሚሊዮን ገደማ የአሠራር ጥምረቶች መካከል ሥርዓቱ በ111 ቀናት 143 ብቻ መርጦ ሞከረ፣ ከየዙሩ ውጤት እየተማረም ቀጣዩን ሙከራ ወሰነ፣ በሕዋሳቱ የቀለም መጠን የተለካው ውጤትም በ88 በመቶ ተሻሻለ። ማሽኑ ሁሉንም አማራጭ አልሞከረም፤ የተማረው የትኛውን መሞከር እንደሚበጅ መምረጥን ነው።

ቃል የገባውና የቀረው

በ2023 ክሪስቲና ቴዎዶሪስና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ጂንፎርመር የቋንቋ ማሽኖች በሚሠሩበት ስልት ከ30 ሚሊዮን ገደማ ነጠላ ሕዋሳት መረጃ የተማረ ሲሆን፣ አንድ ጂን ቢጠፋ የልብ ሕዋስ ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ውስጥ ገምቶ፣ ግምቱ ከአይፒኤስ በተሠሩ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ላይ ተፈትኗል። ተስፋው ትልቅ ቢሆንም ጥንቃቄው አብሮ መምጣቱ አልቀረም፤ በ2025 በኔቸር ሜተድስ መጽሔት የታተመ ንጽጽር፣ ጂን በሚነካበት ጊዜ የሚከተለውን ለውጥ በመተንበይ ረገድ የተፈተኑት ግዙፍ ሞዴሎች ከቀላል የሒሳብ ስልቶች እንዳልበለጡ አሳይቷል። ይህ ውጤት የዘርፉን ክብር የሚቀንስ አይደለም፤ በ1964 ስሌቱን ከጣፊያ እብጠት ጋር ያስተያየው ልማድ ዛሬም ሕያው መሆኑን የሚመሰክር ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ትልልቆቹ እመርታዎች የተገኙት ሐኪምና የፊዚክስ ምሁር በአንድ ጠረጴዛ በተቀመጡበት፣ የተሰበሰበው መረጃም ለሁሉም ክፍት በተደረገበት ቦታ መሆኑ ነው፤ ከያማናካ 24 ዕጩዎች ከፊሎቹ የወጡት ሌሎች ለፍተው በነጻ ካስቀመጡት ቋት ነበርና። ሁለተኛው፣ ማሽን የሚያውቀው የታየውን ብቻ መሆኑ ነው። በዓለም የዘረመል ቋቶች ውስጥ ያለው መረጃ አብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ሲሆን፣ ከሁሉም ይበልጥ የዘረመል ብዝኃነት የሚገኝባቸው የአፍሪካ ሕዝቦች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በዚህ ቋት ያላቸው ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው። ስሌት የምርጫውን ስፋት የሚያጠበው ባለው መረጃ ልክ ስለሆነ፣ ከቋቱ የጎደለ ሕዝብ ከፈውሱም ሊጎድል ይችላል፤ ስለዚህ በአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች መረጃ የሚሰበስቡ፣ ሕዋስ የሚያሳድጉና የሚያሰሉ ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ለዚህ ሳይንስ ቀጣይ ምዕራፍ ከማንኛውም አዲስ ማሽን የማያንስ ጉዳይ ነው።